ከፋች ያጣ መድኃኒት

ስለ አንዲት አገር ላወራችሁ ነው። የት ናት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያወራልኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያወራው፣ እኔም ስሟን ካልነገርከኝ ብዬ ላስጨንቀው አልፈለግሁም። እንድሪስ ይባላል፤ በቅሎ እየጫነ አገር ላገር የሚዞር ሲራራ ነጋዴ ነው። ብዙ አገር አይቷል፣ ብዙ ጉድ ያውቃል፣ ሲያወራም ከወሬው ሳቁ ይቀድማል። የዚችኛዋን አገር ወሬ ግን እየሳቀ ጀምሮ መሬት መሬት እያየ ጨረሰው። እኔም እንደ ሰማሁት አወራችኋለሁ።

በዚያች አገር ሳይጠቀለል ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ዕቃ የለም። ጨው ይጠቀለላል፣ እንቁላል ይጠቀለላል፣ መጠቅለያው የሚታሰርበት ገመድ ራሱ ከገበያ የሚመጣው ተጠቅልሎ ነው። ልማዱ ከአንድ የጥንት ንጉሥ የመጣ ነው ይላሉ። አንድ ባላገር ለእጅ መንሻ ዶሮ ይዞ ግቢ ገባ፤ ዶሮዋ ከእጁ አምልጣ ዙፋኑ ላይ ወጣችና የሠራችውን ሠራች። ንጉሡ በሹማምንታቸው ፊት አፈሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያልተጠቀለለ ነገር ማቀበል እንደ ስድብ ይቆጠራል። ዶሮም ብትሆን አንገቷ ብቻ እየታየ በጨርቅ ተጀቡና ነው የምትሰጠው።

ውሎ አድሮ ክብር የሚለካው በመጠቅለያ ብዛት ሆነ። ለጎረቤት አንድ ላስቲክ ይበቃል። ለአማት ወረቀትም ጨርቅም ላስቲክም ያስፈልጋል። ለሹም የሚሄድ ማርማ ውስጡ ማር መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ይጠቀለላል። ስጦታን በሰጪው ፊት መክፈት ነውር ስለሆነ ድሃው ከዚያው ከልማዱ ውስጥ መላ አገኘ፤ ባዶ መጠቅለያ አሳምሮ ጠቅልሎ ይሰጣል። የተቀበለውም ሳይከፍት አስቀምጦ ለሌላ ሰርግ ይወስደዋል። እንድሪስ እንደሚለው ውስጡ ምንም የሌለበት አንድ ጥቅል እናት ስታገባ ተበርክቶ፣ ልጅ ስታገባ ተበርክቶ፣ የልጅ ልጅ ስታገባ ደግሞ እልል ተብሎለታል።

የተከፈተው ሁሉ መጠቅለያስ የት ገባ? በጓሮ አጥር በላይ ይወረወራል። በዚያች አገር ከጓሮ አጥር ማዶ ያለ ነገር የማንም አይደለም። ነፋስ እያንከባለለ ወደ ወንዝ ያወርደዋል፣ ወንዙ ደግሞ ወደ ታች አገር። ላሞች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። ሆዳቸው ሲቀደድ ድብልብል ላስቲክ ተጎልጉሎ ይወጣል። ሰዉ ከቦ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ የላሟን ቆዳ ይገፍፍና በላስቲክ ጠቅልሎ ገበያ ይወስደዋል።

ነገሩ ቤተ መንግሥት የደረሰው በንጉሡ ጢም በኩል ነው። ክረምት ሲወጣ ንጉሡ ሕዝብ በተሰበሰበበት ወንዝ ወርደው ፊታቸውን የሚታጠቡበት ሥርዓት አለ። የዚያን ዓመት ጎንበስ ብለው ውሃ ዘግነው ቀና ሲሉ ቢጫ ላስቲክ ጢማቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ። የንጉሥ ፊት ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ፈቃድ እንዳይጠየቅ ደግሞ በሥርዓቱ መካከል አይነገርም። ስለዚህ ካህኑ አንብቦ፣ እምቢልታው ተነፍቶ፣ ሹማምንቱ ሁሉ በየተራ እጅ እስኪነሱ ድረስ ንጉሡ ላስቲካቸውን አንጠልጥለው ቆሙ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ላስቲኩ ከማን ጓሮ እንደመጣ በሆዱ እያሰበ ነበር።

ንጉሡ ተመልሰው ሰው አላይም ብለው ሰነበቱና የልባስ ጉባኤ የሚባለውን፣ በመጠቅለያ ነገር የሚመክረውን ሸንጎ ጠሩ። የጉባኤው አለቃ አዛዥ ክንፉ የሚባሉ፣ ወፍራምና ቶሎ የሚደነቁ ሰው ናቸው። ንጉሡ ነገሩን አላወሳሰቡትም፤ ያሸገ ሰው ያሸገበትን ይሰብስብ፣ ሕግ አድርጋችሁ አውጡልኝ አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም የማወራላችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

የአሻጊዎቹ ሁሉ አለቃ ነጋድራስ ጓንጉል ይባላል። በአገሪቱ የሚሸጥ ነገር በሙሉ በሱና በወዳጆቹ ቤት ሳያልፍና ሳይታሸግ ገበያ አይወጣም። ይህ ሰው ለጉባኤው አባላት በየቤታቸው የሚያምር ጥቅል ላከና በማግስቱ ቀርቦ ተናገረ። "ጌቶቼ፣ ከእኛ እጅ ሲወጣ እኮ ልብስ ነው" አለ። "ሁላችሁም አይታችሁታል፣ ያምራል። ልብሱን ገፎ ቆሻሻ ያደረገው ማን ነው? የከፈተው አይደለም እንዴ?"

አዛዥ ክንፉ እንዲህ ያለ ጥልቅ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጉባኤውም በቃሉ እየተደነቀ ዋለ። ንጉሡ ደግሞ ነገሩ በተነሣ ቁጥር ያ ጢማቸው ትዝ ስለሚላቸው ቶሎ እንዲያልቅላቸው ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ማኅተሙን አመጡላቸው፣ ረገጡበት።

ሕጉ በነጋሪት ታወጀ። መጠቅለያ የከፋቹ ነው ይላል። የከፈተ ሰው የከፈተውን መጠቅለያ በሙሉ ባንገቱ አንጠልጥሎ ወደ መናገሻው ከተማ፣ ወደ መረከቢያው ቤት ይሂድ። እስኪረከቡት ድረስ ሰርግ ቤት አይግባ፣ ሸንጎ አይቁም፣ ልጁን አይዳር፣ የተጣላ አያስታርቅ። ሳያስረክብ ሌላ ቢከፍት፣ ወይም ነጋዴ ሆኖ የጫነውን የሰው ዕቃ ቢከፍት፣ ሁለት እጁ ተጠቅልሎ ይታሸግ፤ እስኪፈታም ሰው ያጉርሰው።

መረከቢያው ቤት ተሠራ። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ፣ በሩም ከነጋድራስ ጓንጉል ዘንድ ታዝዞ መጣ። እንግዲህ የመጣው እንደ ደንቡ በጨርቅና በላስቲክ ታሽጎ ነው። በሩን ከመጠቅለያው የሚያወጣው ሹም መጠቅለያውን ባንገቱ አንጠልጥሎ ማስረከብ አለበት፤ የሚያስረክብበት ቤት ደግሞ በር ሳይገጠምለት ሥራ አይጀምርም። ሹማምንቱ በዚህ ነገር ብዙ መከሩ። የታሸገው በር ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ፣ ካገሩ ሁሉ መጠቅለያ ያንጠለጠሉ ሰዎች መጥተው ደጁ ላይ ሰፈሩ። ገና ከሩቅ ሲንኮሻኮሹ ይሰማሉ።

በየመንደሩ ደግሞ አዳማጭ ተሾመ። የአዳማጭ ሥራ መስማት ነው። ጠዋት ጆሮውን በቅቤ ያስጠርጋል፣ መንደሩ መካከል በርጩማውን ያኖራል፣ የበሬ ቀንድ ጆሮው ላይ ደግኖ ይቀመጣል። ላስቲክ ሲቀደድ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሰማ ተነሥቶ ከፋቹን ይይዛል። ጎረቤቱ ሲከፍት አይቶ ለአዳማጩ ሹክ ያለ ሰውም በሸንጎ ስሙ ይነሣለታል፣ ይመሰገናል።

ሰው ግን መላ አያጣም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያጓራ መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀድ ጀመር። መብረቅ ብልጭ ሲል ባልና ሚስት ጨው ጨብጠው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ፤ ሲጮህ ይቦጭቁታል። የቀደዱትንም እንደ ድሮው በጓሮ አጥር ይወረውሩታል። ሕጉ መውጣቱን ወንዙ አልሰማም፤ ላስቲኩን ተሸክሞ እንደ ድሮው ይወርዳል። በበጋ ግን ሰማዩ ጸጥ ነው። ከበሮ እየመቱ የሞከሩ ነበሩ፣ ተነቃባቸውና ከበሮ ያለ ፈቃድ መምታት ተከለከለ። ስለዚህ በበጋ ሰዉ ዘይት ደርድሮ ደረቁን ይበላል፣ ሳሙና አስቀምጦ በአመድ ያጥባል። አንገቱ ባዶ የሆነ ሰው የተከበረ ሆነ። ልጅ ሲታጭ የሚጠየቀው ስለ ዘሩ ወይም ስለ መሬቱ ሳይሆን ያንገቱ ባዶነት ሆነ።

አሁን ወደ ሸንበቆ ሜዳ ልውሰዳችሁ። ሸንበቆ ሜዳ ትንሽ መንደር ናት፤ በባዶ አንገት ግን አገር ያወቃት ናት። መጠቅለያ ያንጠለጠለ ሰው ቢገኝ እንኳ በጊዜ ወደ መናገሻው ከተማ ይሸኙታል እንጂ መንደር ውስጥ ሲንኮሻኮሽ አያውሉትም። ጭቃ ሹሟ መንበሩ የሚባል ቀና ሰው ነው። በዚህ ነገር ውስጥ አንድም ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንድሪስ ይህን ደጋግሞ ነው የነገረኝ።

በዚያች መንደር እማማ ዘነቡ የሚባሉ አዋላጅ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው አልወለዱም። ነገር ግን በሳቸው እጅ ላይ ያልወደቀ የመንደሩን ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በዚያች አገር ሳይጠቀለል የሚመጣ ነገር ሕፃን ብቻ ነው፤ እሱንም እንዳለ፣ ከነደሙ የሚቀበሉት እሳቸው ነበሩ። ጭቃ ሹም መንበሩ በእግሩ የመጣ ልጅ ነበር፣ እናቱም እሱም የተረፉት በእማማ ዘነቡ ነው። ይመናሹ የምትባለው የመንደሩ ባለጸጋ በወሊድ ስትታመም ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ እየተኙ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ሁሉ እናታችን ይላቸው ነበር። ሰርግ ላይ ከሙሽራው እናት አጠገብ ነው የሚቀመጡት።

በበጋው መካከል እማማ ዘነቡን ንዳድ ያዛቸው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ከዚያ ትኩሳቱ አነደዳቸው፣ ከዚያ ሰው መለየት እያቃታቸው መጣ። መንበሩ በዚያ በኩል የሚያልፈውን እንድሪስን ለምኖ ከተማ ወዳለው ሐኪም ላከው። ሐኪሙም መድኃኒቱን ቀምሞ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሰጠ። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠጡት፣ ከጠጡ ይድናሉ፣ ከዚያ ካለፈ ግን እኔን አትጠይቁኝ አለ። መድኃኒትም ሳይታሸግ ከከተማ አይወጣምና እንድሪስ ወደ አሻጊዎቹ ወሰደው። ብልቃጡ በጥጥ፣ ጥጡ በወረቀት፣ ወረቀቱ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በጨርቅ ተጠቀለለ፤ በሲባጎም ተተብትቦ ታሠረ። የትንሽ ጣት ያህል የነበረች ብልቃጥ የሕፃን ራስ አክላ ወጣች።

እንድሪስ በቅሎውን እየገረፈ ቀትር ላይ ሸንበቆ ሜዳ ደረሰ። የእማማ ዘነቡ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሥራውን ትቶ ያልመጣ ሰው የለም። ጥቅሉን መደቡ ላይ አኖረና የሐኪሙን ቃል ነገራቸው። እግዜር ይስጥህ ተባለ። ውሃ ሰጡት። ከዚያ ሁሉም ጥቅሉን ማየት ጀመሩ።

እንድሪስ መጀመሪያ ዝምታው የአክብሮት መስሎት ነበር። ቆይቶ ነው የገባው። ሁሉም አንዱ ሌላው እጁን እስኪዘረጋ እየጠበቀ ነበር።

ጭቃ ሹም መንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። እኔ ብከፍተው ደስታዬ ነበር፣ ነገር ግን ነገ የላይኞቹና የታችኞቹ ገበሬዎች በመስኖ ውሃ ተጣልተው ሸንጎ ይቀርባሉ፣ ዱላ ተማዘዋል፣ እኔ ሸንጎ ካልቆምኩ ደም ይፈሳል አለ። እውነቱን ነው። ይመናሹ ቀጠለች፤ የልጇ ሰርግ ደርሷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ እናት ባንገቷ መጠቅለያ አንጠልጥላ ከድንኳኑ ውጭ ብትቆም ልጂቱ ዕድሜ ልኳን የምትሰደብበት ነው። እውነቷን ነው። ፈለቀ የሚባለው ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሊያስታርቅ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሱም እውነቱን ነው። እንዲህ እያለ ተራው ቤቱን ዞረ። ምክንያት ያጣ ሰው አልነበረም፣ የዋሸም አልነበረም። እኔን የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። ቢዋሹ ኖሮ ውሸታሞች ነበሩ ብዬ እገላገል ነበር።

እንድሪስን፣ አንተስ ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ፣ የነጋዴ እጅ ከታሸገ በቅሎ ማን ይነዳለታል አለኝ። ከዚያም፣ እኔም ምክንያት ነበረኝ አለ።

ፈለቀ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሁሉም ለምን እንደወጣ ያውቃል፤ ሰማዩን ሊያይ ነው። የበጋ ሰማይ ነው፣ የመዳፍ ያህል እንኳ ደመና የለበትም። ተመልሶ ገባና ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። የመንደሩ አዳማጭ ውብሸት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ቀንዱን ጆሮው ላይ ደግኖ ዋርካው ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ይታያል። ቢታይም ባይታይም ግን ልዩነት አልነበረውም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ዓይን ከውብሸት ጆሮ አብልጦ ይፈራ ነበር።

ጥላ ሲዞር እማማ ዘነቡ ነቁ። ዓይናቸውን ከሰው ወደ ሰው አዞሩ፣ ወደ መደቡ አዞሩ፣ ጥቅሉን አዩ። ሁሉም ነገር ገባቸው። ያን ጊዜ እንኳ ቢቆጡ፣ ቢረግሙ ጥሩ ነበር።

"አትጨናነቁ ልጆቼ" አሉ። "እኔው እከፍተዋለሁ። ትንሽ ጎኔን ላሳርፍና።"

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እንድሪስ የዚያን ትንፋሽ ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ ይላል። ይመናሹ ፈጥና፣ እውነትም የሚሻለው እንደሱ ነው፣ እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፣ ሸንጎ አይቆሙ፣ ሰርግ አይሄዱ፣ መጠቅለያው ባንገታቸው ቢሆንም አይከብዳቸውም አለች። ብልህ ነገር ተናገረች ተባለ። ጥቅሉን አንሥተው ደረታቸው ላይ አኖሩላቸው፣ እጃቸውንም ይዘው ሲባጎው ላይ አደረጉላቸው።

ከዚያ ጠበቁ። ጠበቁ ስላችሁ ዝም ብለው ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። አንዷ ትራሳቸውን ታስተካክላለች፣ አንዷ ዝንብ ትከለክላለች፣ አንዱ ጨርቅ ውሃ እየነከረ ከንፈራቸውን ያረጥባል። መንበሩ እግራቸውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሻል፣ እንባውም ይወርዳል። ያላደረጉላቸው ነገር አልነበረም፣ ከዚያች ከአንዷ ነገር በቀር።

አንድ ጊዜ የእማማ ዘነቡ ጣት ቋጠሮው ላይ ተንቀሳቀሰ። ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል አለ። አይዞዎት እማማ አሏቸው፤ በርቱ፣ እሱን ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል አሏቸው። ጣታቸው እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቆመ። ደክሟቸው ነው፣ ይረፉ ተባለ። በበሩ የገባው ፀሐይ ከአልጋው ወደ መሬቱ ወረደ፣ ከመሬቱ ወደ ደጃፉ ሸሸ፣ ከደጃፉም ወጣ። ያን ጊዜ ዝንብ የምትከለክለው ሴት እጇ ባለበት ቀረ። ፊታቸውን አይታ ነበር።

ለቅሶው አይወራም። ሸንበቆ ሜዳ እንደዚያን ቀን አልቅሳ አታውቅም። ፊቱን ያልነጨ፣ ደረቱን ያልደቃ አልነበረም። እንድሪስ ግን አንድ ነገር አየ፤ ሰዉ ሲያለቅስ እርስ በርሱ አይተያይም። ጥቅሉን ከደረታቸው አንሥተው መደቡ ላይ መልሰውት ነበር፣ ወደዚያም በኩል ፊቱን የሚያዞር አልነበረም።

ሲነጋ መቃብሩ ተቆፈረ። መግነዙ ከከተማ መጣ፤ መግነዝም እንደ ሌላው ዕቃ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ለዚያውም የሙት ነው ተብሎ ከሁሉ የበለጠ ታሽጎ። ደጅ ላይ መሬት አኖሩት፣ መንደሩ ዙሪያውን ቆመ። እንደገና ያ ዝምታ ወረደ። ፀሐዩ እየጠነከረ ነው፣ አስከሬኑ ቤት ውስጥ ነው። በዚያች አገር ሰው ሳይጠቀለል አይቀበርም፤ ዶሮ እንኳ ጨርቅ ለብሳ በምትሰጥበት አገር እናታችን ያሏቸውን ሴት እንዴት አድርገው እንዲሁ አፈር ያልብሷቸው?

መንበሩ ከሰዎቹ መካከል ወጣና የመግነዙ ጥቅል አጠገብ ተንበረከከ። ቀና ብሎ ሰዎቹን ሲያይ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር።

"እጃችሁን አምጡ" አለ። "ሁላችሁም።"

መጀመሪያ የተንበረከከችው ይመናሹ ናት። ቀጥሎ ፈለቀ፣ ቀጥሎ ዝንብ ስትከለክል የነበረችው ሴት፣ ከዚያ ሁሉም። መድረስ ያልቻለው በሌላው ትከሻ ላይ ተጋድሞ ጣቱን አስገባ። እንድሪስም እጁን አስገባ። አንድ ላይ ጨበጡ፣ አንድ ላይ ሳቡ። ላስቲኩ ሲቦጨቅ ድምፁ ሜዳውን ተሻገረ፤ ነጎድጓድ ሳይጠብቅ፣ በጠራራ ፀሐይ።

አዳማጩ ውብሸት መጣ። ማን ከፈተው ብሎ ጠየቀ። ጭብጣቸውን ዘረጉለት። እሱም እጃቸውን አየ፤ በያንዳንዱ ጭብጥ ውስጥ ብጣሽ አለ፣ ጨርቅ የያዘ፣ ወረቀት የያዘ፣ የጥፍር ያህል ላስቲክ የያዘ። ሕጉ የሚያውቀው አንድ አንገትና አንድ ሙሉ መጠቅለያ ነው። ሙሉ መጠቅለያ የለም፣ የሚያንጠለጥልበትም አንገት የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ውብሸት ቀንዱን ይዞ ብዙ ቆመ። ሄዶ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ግን አልሄደም።

"ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ነው የዋልኩት" አለ። "መታመማቸውን ሰምቼ።"

"ታዲያ ምነው ብትነግረን?" አለች ይመናሹ።

"ከናንተ አንዱ ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ።"

ይህን ሲላቸው የተቀየመ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ትናንት ስለ ጎረቤቱ ያሰበው እሱኑ ነው። ውብሸት መግነዙን አብሯቸው ዘረጋ፣ ቃሬዛውንም አብሯቸው ተሸከመ። ቀብረው ሲመለሱ በየቤታቸው ገብተው በር ዘጉ፤ በዚያች መንደር ከቀብር በኋላ አብሮ መብላት ልማድ ነበር፣ የዚያን ቀን ግን አብሮ መቀመጥ የቻለ አልተገኘም።

ወሬው ግን አልተቀበረም። በሸንበቆ ሜዳ ሁሉም እጁን አስገብቶ ቢቀድ ሕጉ የሚይዘው ሰው አጣ ተባለ። አጎራባቹ መንደር ሰማና ሞከረው። ጨው የሚከፍት ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፣ ጎረቤቱ ልጆቹን ይጠራል፣ ተረባርበው ይቀዱታል። ሳይቆይ አገሩ ሁሉ የሚከፍተው በመንጋ ሆነ። አዳማጮቹ ከሥራ ተፈትተው ቀንዳቸውን ጨው አስቀመጡበት። ሰዉ ብጣሹን ሰብስቦ በጆንያ እየሞላ ወደ ነጋድራስ ጓንጉል ደጅ ይወስድ ጀመር፤ ከፋቹ ካልታወቀ አሻጊው ይታወቃልና። የነጋድራሱ ግቢ ሲሞላ፣ ሚስቱም በላስቲክ ክምር ላይ ተራምዳ መውጣት ሲያቅታት፣ እንቁላል በቅርጫት ቢሄድ ምንም እንደማይሆን ተገለጠለት። ማርም በቅል ይሄዳል ተባለ። ንጉሡ የቀድሞ ቃላቸውን አስታውሰው ያሸገ ይሰብስብ ብለው እንደገና አሳወጁ። በዓመቱ ወንዝ ሲወርዱ ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታይ ነበር አሉ።

ንጉሡ ይህን ላደረገች መንደር ክብር ይገባታል ብለው አዛዥ ክንፉን ካባ አስይዘው ወደ ሸንበቆ ሜዳ ሰደዱ። ካባው ሳይጠቀለል ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ መጣ፤ ጊዜው ተለውጧል። እንድሪስ በዚያን ቀን እዚያው ነበር። መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ወጣ፣ የበዓል ልብስ የለበሰ ግን አላየሁም ይላል።

አዛዥ ክንፉ ረጅም ንግግር አደረጉ። የአሻጊዎችን ተንኮል ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲጠሉት እንደነበር ተናገሩ። ሕጉን ድል የነሣው የሸንበቆ ሜዳ ጥበብ ነው፣ ልጅ ልጆቻችሁ ይኮሩባችኋል አሉ። ሰዉ መሬት መሬት ያያል። አዛዡ ትሕትና መሰላቸውና ይበልጥ ተደነቁ። ካባውን ይዘው ወደ ጭቃ ሹም መንበሩ ቀረቡ።

"እስቲ ንገሩኝ" አሉት። "እንዲህ ያለ ብልሃት መቼ መጣላችሁ?"

መንበሩ እጁን ለካባው አልዘረጋም።

"በማግስቱ ነው፣ ጌታዬ" አለ።

አዛዥ ክንፉ ከምን ማግስት ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው አላገኙም።